ገንፎ የተከለው በረኛ

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የገና ዕለት ትልቁ ጉዳይ የፆም መፈታት አልነበረም፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር የገና ጨዋታ ነበር። የተሸነፈ ሰፈር እስከሚቀጥለው ገና በገበያም በወፍጮ ቤትም በግጥም ሲሰደብ ይከርማል። እኔ የታች ሰፈር ነኝ። እንደኔ የሚሮጥ በአምባሰል ምድር አልተወለደም፤ ከውጫሌ የተነሳ አውቶቡስ ቀድሜ ሐይቅ ገብቼ ሾፌሩን «ምነው ቆየህ?» ያልኩ ሰው ነኝ።

ያን ዓመት ላይ ሰፈሮች መላ ዘየዱ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሜዳው ላይ ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገር፣ እነሱ ዳር ይዘው ምግብ ዘረጉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ እንዲበላ ሥጋ የለበትም፤ ጭኮ አለ፣ የገብስ ገንፎ አለ፣ መሃሉ ላይ ዋና የሚያስዋኝ ቅቤ። አንዲት የላይ ሰፈር እናት እጄን ለቀም አደረጉኝ።

«እትዬ፣ ልጫወት ነው፤ በኋላ።»

«ወላሂ ሳትቀምስ አትሄድም! ገንፎዬን ልትንቅ ነው?»

ቀመስኩ። ገንፎው አልቆ የገበታው እንጨት እስኪታይ ቀመስኩ። በላዩ ጭኮው መጣ፤ እሱንም አላስቀየምኩትም።

ጨዋታው ሲጀመር ሁለት ሰው ደግፎ አነሳኝ። አለቃችን ጮኸብኝ።

«የጠላት ስንቅ ትበላለህ?»

«መጨረስም እኮ ውጊያ ነው!»

«በል፣ መሮጡ ከቀረ እዚያ የግባችን ሁለት ድንጋዮች መሃል ተገተር!»

በገና ጨዋታ በረኛ የሚባል ነገር የለም፤ ያን ቀን በእኔ ተጀመረ። ከእንጨት የተጠረበችው ጥንግ እየተወነጨፈች ትመጣለች፤ ጋቢ የጠመጠምኩበት ሆዴ ላይ አርፋ ትመለሳለች። እኔ ንቅንቅ የለም፤ ብፈልግስ በምን አቅሜ? የኛ ልጆች አንዲት አገቡ፣ አሸነፍን።

የላይ ሰፈር ሴቶች ባለገንፎዋን ከበቧቸው።

«ሩጫውን አጥፊልን ብንልሽ ግንብ ሠራሽላቸው!»

«እኔ ገንፎ ነው ያገነፋሁት! ግንብ የሆነው እሱ!»

በዓመቱ የጋበዘኝ የለም። በገበታው አጠገብ እየተመላለስኩ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፤ ቀና ያለም የለ። በባዶ ሆዴ እንደ ንፋስ በረርኩ፣ ከኋላዬ ግን ሁለቱ ድንጋዮች ብቻቸውን ቀሩ፤ በዚያ አገቡብን። ገና ከሜዳው ሳንወጣ ስድቡ ተጀመረ። ያኔ እኒያ እናት ከሩቅ ተጣሩ፦

«አንተዬ! አሁን ና ብላ!»

ሄድኩ እንጂ። የዓመት ስድብ በባዶ ሆድ ማን ይችለዋል?