የአባቴ የጥጥ ፍራሽ

የጥጥ ፍራሽ ባየሁ ቁጥር ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፤ ንዴቴም አብሮ ይነሳል። ልጅ እያለሁ፣ አቃቂ በሰቃ ባለችው አንድ ክፍል ቤታችን፣ ሳል ሊገድለኝ ነበር። ቀን ቀን ኳስ ስራገጥ ብውል ምንም አልሆንም። ማታ ጋደም ስል ግን ደረቴ ሲር ሲር ማለት ይጀምራል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ ሁሉም ሐኪም ነው። አንዷ ብርድ ነው ትላለች፣ ሌላዋ ነፋስ መትቶት ነው ትላለች። እናቴም የሰማችውን ሁሉ ታደርጋለች። መስኮቱን በጨርቅ ትወትፋለች፣ የበሩን ስር በጆንያ ትደፍናለች፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ታልሰኛለች፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት ታጥነኛለች። ምን ላይ እንደምተኛ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

የምተኛውማ አባቴ በሠራልኝ ፍራሽ ላይ ነው። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበርና፣ ከማሽን ስር የሚጠረገውን የጥጥ ብናኝ አስፈቅዶ በጆንያ ያመጣል። ታላቅ እህቴ ወይንሸት መሬት ላይ ሰሌን አንጥፋ ነው የምትተኛው፤ አንድም ቀን ስታስል ሰምቻት አላውቅም። እኔ በሳልኩ ቁጥር አባቴ አንጀቱ አልችል ይልና፣ ይመቸው ብሎ ሌላ ጥጥ ይጨምርበታል። ፍራሹ ሲወፍር ሳሉ ይብሳል፣ ሳሉ ሲብስ ፍራሹ ይወፍራል። እኔስ ልጅ ነኝ፣ ትልልቆቹን ምን ነካቸው?

አንድ ጊዜ የእናቴ ወንድም ጋሼ በቀለ ከደብረ ዘይት ሊጠይቁን መጡ። እንግዳ መሬት አይተኛም ተባለና ፍራሼ ለእሳቸው ተሰጠ፤ እኔ ወይንሸት አጠገብ ሰሌኑ ላይ ተጋደምኩ። የዚያን ቀን ሳል የሚባል ነገር ዝር ሳይልብኝ አደርኩ። ጋሼ በቀለ ግን ሲያስሉ ነጋ። ጠዋት ዓይናቸው ደም መስሎ ሲነሱ፣ በቃ አሁን ይገባቸዋል ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ሳሉ ከእኔ ለቆ እሳቸው ላይ ሄደ ተባለ። እናቴ ስለቴ ሰመረ ብላ ጧፍ ይዛ ሳሪስ አቦ ድረስ ሄደች። ጋሼ በቀለም እንደታመሙ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ እናቴና አባቴ እኔን ፍራሼ ላይ መለሱኝ።

ሰሌን ላይ ልተኛ ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ፊቱ ጥቁር አለ።

«እኔ መሬት ላይ ተኝቼ ያደግኩት ይበቃል፤ ልጆቼ አይደግሙትም» አለኝ።

ወይንሸት የራሷ ፍራሽ እስኪሠራላት ተራ እየጠበቀች ነበር፤ እድለኛ ናት። እኔም ሁሉንም እንቅልፍ ሲወስዳቸው ቀስ ብዬ ወደ እሷ ሰሌን መውረድ፣ ሳይነጋ ደግሞ መመለስ ጀመርኩ። ሳሉም ተወኝ። አባቴ ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? ፍራሹ አዳነው ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ፤ ልጅ ላላቸው ጎረቤቶችም በጥጡ ብናኝ ፍራሽ ይሞላላቸው ጀመር።

ዛሬ አባቴ አርጅቶ እኔ ቤት ነው የሚኖረው። አሁን ሌሊት ሌሊት የሚያስለው እሱ ነው። ሐኪሙ ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቆት፣ ስንት ዓመት የሳበው የጥጥ ብናኝ ሳምባውን እንደጎዳው ነገረን። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘለት፣ አየር እንዲገባም መስኮቱን ክፈቱለት አለን። እኔ እከፍታለሁ፣ እሱ ብርድ ገባ ብሎ ተነስቶ ይዘጋል። ባለፈው ጊዜ ትዕግስቴ አለቀና ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ፍራሹ ሊገድለኝ እንደነበር፣ ያዳነኝም የወይንሸት ሰሌን መሆኑን።

አባቴ፣ «ያኔም እኮ ያስለኝ ነበር። እናንተ እንዳትሰሙ ደጅ ስዬ ነበር የምገባው። አንተም ከእኔ የወረስከው መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ያን ጊዜ የእኔን ሳል የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ያንን ብናኝ ሲስብ የሚውለውን የአባቴን ሳል ግን ቤታችን ውስጥ እንኳ የሰማ የለም። አሁን ከእኔ የሚለየው ቀጭን ግድግዳ ነው፤ እስኪነጋ እሰማዋለሁ።