ድራሙ እስኪገባ

ነገሩ የደረሰብኝ አምና፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ስቄ ስጨርስ ግን ትንሽ ይከፋኛል።

የመኪና ኤሌትሪሺያን ነኝ። አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ትዳሬ ሲፈርስ ኮልፌ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራየሁ። አከራዬ እትዬ ጥሩነሽ ይባላሉ፤ ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ ትልቁ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። የእሳቸውን ሳሎንና የእኔን ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው።

እትዬ ጥሩነሽ ጴንጤ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎናቸው ውስጥ የጸሎት ኅብረት አለ። “ና ግባ እንጂ ዳኜ፣ ማን ይበላሃል?” ይሉኛል። እኔ ደግሞ ኦርቶዶክስ ነኝ እያልኩ አመካኛለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያኔ ወደ ቤተ ክርስቲያንም አልሄድም ነበር። ሰው ሸሽቼ ነው።

ኅብረቱ ሲያልቅ ምግብ በሰሃን ይዘው በሬን ያንኳኳሉ። “እንካ፣ ሳይቀዘቅዝ” ብለው ይመለሳሉ። ከሳምንት እስከ ሳምንት የእኔን በር የሚያንኳኳ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰሃኑን ባዶውን መመለስ ነውር ሆኖብኝ፣ የማደርግበትም አጥቼ፣ እያጠብኩ መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አራት ደርሶ ነበር።

ጊዜዬን የምገፋው በስልኬ ነው። ጋራዥ የመኪና ስፒከር የምንሞክረው በሬጌ ስለሆነ ጆሮዬ ለምዶታል። አንድ ቀን ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው ከሸክላ የገለበጣቸውን የድሮ የሬጌ ቅጂዎች አገኘሁ። አንዱ ሲያልቅ ስልኩ በራሱ ዲስኮ አመጣልኝ። ዲስኮ ለእኔ ከሰፊ ሱሪና ከሚያብረቀርቅ ሸሚዝ ያለፈ ነገር አልነበረም። ልዘጋው ስል ኦርጋኑ አስቆመኝ። አሁን የሰማሁት የሬጌው ኦርጋን ነው! ዘፋኟ አንድ ስትል ከጀርባዋ ያሉት ተቀባዮች የሚመልሱላትም እንደዚያው ነው። ወደ ሬጌው ተመለስኩ፣ እንደገና ወደ ዲስኮው። ግማሽ ቀን እንዲያ ስል ዋልኩ።

ከቪዲዮዎቹ ሥር የተጻፈውን በስልኬ አስተርጉሜ አነበብኩ። የሬጌው ሰውዬም፣ የዲስኮዋ ሴትዮም ድምፃቸውን ያሟሹት ልጅ ሆነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን መዝሙር ወደ ዘፈን ወጥቶ ሶል ተባለ። ሶሉ በሬዲዮ ጃማይካ ደረሰ፤ የዚያ አገር ሰዎች የራሳቸውን ቢጨምሩበት ሬጌ ሆነ። እዚያው አሜሪካ የቀረው ደግሞ ዲስኮ ሆነ። ለካ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ይህን ያወቅሁ ዕለት ለሰው ካልነገርኩ ልሞት ሆነ። ጋራዥ ለባልደረባዬ ብነግረው ከመኪናው ሥር ሆኖ “አንተ ሰውዬ፣ አግባ” አለኝ። የቀድሞ ባለቤቴን ቁጥር አወጣሁና መልሼ ዘጋሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደውዬ “ሬጌና ዲስኮ ዘመድ ናቸው” ልላት ነው?

በዚያው ሰሞን እትዬ ጥሩነሽ ለኅብረቱ መዝሙር ማጫወቻ የብሉቱዝ ስፒከር ገዙ። እኔው ነኝ የገጠምኩላቸው፤ የሞከርኩትም በራሴ ስልክ ነው።

ያን ቅዳሜ ከጋራዥ በጊዜ ገባሁ። ጎኔን አሳረፍኩና ዲስኮውን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። ስልኬ ተበላሸ ብዬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት። ያኔ ኦርጋኑ በግድግዳው መጣ። ኤሌትሪሺያን ተብዬው! ስልኬ ስፒከሩን አውቆት ራሱ ተገናኝቷል።

ልዘጋው ጣቴን ዘረጋሁ። በዚያች ቅጽበት ጭብጨባ ሰማሁ።

ዘፈኑ ሲጀምር ኦርጋንና የሴትዮዋ እንጉርጉሮ ብቻ ነው ያለው። የኅብረቱ መሪ ጋሽ ታከለ “አሜን! እንነሣ ወገኖች!” ሲሉ ተሰማኝ። ወንበሮች ተንኳኩ። አንዷ “ሃሌ ሉያ!” አለች። ከዚያ ሁሉም ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ያጨበጨቡትም ልክ ዘፈኑ ውስጥ ያሉት የሚያጨበጭቡበት ቦታ ላይ ነው። ማንም አላስጠናቸውም። ለአንድ ሰው እንኳን መንገር ያቃተኝን ነገር ሳሎን ሙሉ ሰው በእጁ እየመሰከረልኝ ነው።

መዝጋት እችል ነበር። አልዘጋሁም። ድራሙ ሊገባ ጥቂት እንደቀረው እያወቅሁ፣ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ አዳመጥኳቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ከሰው ጋር የሆንኩ መሰለኝ።

ድራሙ ገባ። የሞቀ የጭፈራ ቤት ዲስኮ! ሌላው ሁሉ ሲያቆም አንድ ሰው ብቻ ትንሽ ማጨብጨቡን ቀጠለ። “ምን ጉድ ነው? አጥፉት ይሄን ዓለማዊ ዘፈን!” አሉ ጋሽ ታከለ። ስልኩ ከእጄ አምልጦ አልጋ ሥር ገባ። አውጥቼ እስክዘጋው የዕድሜዬ እኩሌታ ያለፈ መሰለኝ።

ያን ቀን በሬ አልተንኳኳም።

ሳምንቱን እንደ ሌባ በጠዋት ወጥቼ አመሻሽቼ ገባሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አስኮ ቤት እንዲፈልግልኝ ለደላላ ነገርኩት። ቤት ይገኛል፤ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ግን ደላላ አያገኝልኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ኅብረቱ ከመጀመሩ በፊት፣ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፤ እጃቸው ባዶ ነው። ውጣ ሊሉኝ ነው ብዬ ቀደምኳቸው።

“እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። መዝጋት ስችል ነው ያልዘጋሁት። ሲያጨበጭቡ… ደስ ብሎኝ ነው።”

ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ አረፈ።

“ሰሃኖቼን ስጠኝ” አሉ። “ባለፈው ምግቡን በምን ላምጣልህ? እንግዳው በዝቶ፣ ሰሃኑ ሁሉ አንተ ጋ አልቆ!”

የምገባበት ጠፋኝ። አራቱንም አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ ባዶአቸውን። አልሄዱም።

“ጋሽ ታከለ አሁንም እንደተናደዱ ናቸው” አሉ። “ማን አስነሣን? ራሳቸው!” ሳቃቸው መጣባቸው፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ሴትዮዋ ግን ከቤተ ክርስቲያን የወጣች ናት አይደል?” አሉኝ።

“እንዴት አወቁ?”

“እጃችን አወቃት እንጂ። ያ ሁሉ ሰው ሲያቆም ማጨብጨቤን መተው ያቃተኝ እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ አጨብጭቤ አላውቅም። እስቲ መጀመሪያውን ብቻ አሰማኝ።”

ከስፒከሩ አለያየሁና ከፈትኩ። ሰሃኖቹን አቅፈው፣ የበሬ ደፍ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ድራሙ ሊገባ ሲል “በቃ። እዚህ ላይ ዝጋው” አሉ። ዘጋሁት። ሬጌውንና ዲስኮውን፣ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። የመጀመሪያዋ ሰሚዬ እሳቸው ሆኑ።

አሁንም እዚያው ነኝ፤ ደላላውን ተውኩት። ኅብረቱ ውስጥ አልገባም፣ ብቸኝነቱም አልለቀቀኝም። ሰሃን ስመልስ ግን ሙዝ ወይም ብርቱካን አደርግበታለሁ። ያንን ዘፈን ብዙ ጊዜ እከፍተዋለሁ። ከልካይ ሳይኖረኝ፣ ብቻዬን ሆኜ እንኳን፣ ድራሙ ከመግባቱ በፊት እዘጋዋለሁ።