የራስ ዲካው ግድግዳ ቁመት

የልጅ ልጄ ሣራ ባለፈው ሳምንት ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ፣ «እማማ፣ ይሄ x የሚባል ነገር ለማን ይጠቅማል?» አለችኝ። እስከ ጡረታዬ ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ነኝና ይህን ጥያቄ በፈረንሳይኛም በሶማልኛም ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ደብተሯን አነሳሁት። ደብተሯ ላይ ያለው ምጥጥን የአባቴን ሸራ አስታወሰኝ።

አባቴ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ሸራ ሰፊ ነበር። ከወደብ ለሚወጡ የጭነት መኪናዎች ሸራ ይሰፋል፣ ሲታዘዝም ለቤቶች የፀሐይ መከላከያ ይሠራል። ጅቡቲን ያላየ ሰው የጥላን ዋጋ አያውቅም። በግንቦት ገና ጧት የበሩ እጀታ እጅ ያቃጥላል፣ የባሕሩ ነፋስ እንኳ ከምድጃ የወጣ ይመስላል።

አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ አባቴ ከመሰላል ወደቀና እግሩ ተሰበረ። የስፌት መኪናው የሚሠራው ደግሞ በእግር ነው።

«እግሬ እስኪድን መኪናው ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ» አለኝ።

በሰፈራችን እንዲህ ተብላ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ ስትመለስ አላየሁም። ሳልቀመጥ ቆሜ ቀረሁ። ያኔ ራስ ዲካ ሰፈር ያለ አንድ ቤት የምዕራብ ግድግዳውን ከጣሪያ እስከ መሬት የሚጋርድ ሸራ አዞ ነበር። ሸራውን የሚሰቅሉት ሰዎች የሚመጡት ከተሰፋ በኋላ ስለሆነ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቁመቱን የሚለካ አልተገኘም። ያለን ሸራ ደግሞ ያው አንዱ ነው፤ አጥሮ ከተቆረጠ ተበላሸ ማለት ነው።

«ከመሬት ሆኜ እለካዋለሁ» አልኩት። «ልክ ከመጣ ትምህርት ቤቴ እሄዳለሁ፣ አንተም ሌላ ሰው ትቀጥራለህ።»

«ካልመጣስ?»

«እቀመጣለሁ።»

ዘዴውን ከክፍል ነበር የተማርኩት። የዘንግ ቁመት ለጥላው ያለው ምጥጥን የግድግዳ ቁመት ለጥላው ካለው ጋር እኩል ነው። ሦስቱን ካወቅን አራተኛውን፣ x ያልነውን፣ አባዝተንና አካፍለን እናገኛለን። ረፋዱ ላይ ሄጄ የግድግዳውን ጥላ በሜትር ገመድ ለካሁ፤ ሦስት ሜትር። የአባቴን የአንድ ሜትር ዘንግ ግን ረስቼው ሄጃለሁ። ላመጣው ስመለስ ምሳ ደረሰ። ዓሣ በሩዝ በላን፣ ጫት ከባቡር ወረደ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ ተኛ። አባቴም በዚያ ፀሐይ አላስወጣኝም። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ተመልሼ ዘንጉን ተከልኩ። የግድግዳው ጥላ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞሯል፤ ምን ቸገረኝ፣ እሱን ለክቼዋለሁ። የዘንጉ ጥላ አንድ ሜትር ተኩል ሆነ። አሰላሁ፦ x ሁለት ሜትር።

አባቴ ወረቀቱን አየ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ የቤቱ በር ብቻ ከዚህ ይበልጣል እኮ» አለኝ። አልሳቀብኝም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። «ነገ በመኪናው መስፋት አሳይሻለሁ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስሌቱን ደጋግሜ ሠራሁት፤ ስህተት የለበትም። ሲነጋ ዘንጉን ግቢያችን ተክዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጥላው ረጅም ነበር፣ ፀሐይ ከፍ ስትል እያጠረ ሄደ። ያው ዘንግ ነው፣ ጥላው ግን ያው አይደለም። እኔ የረፋዱን ግድግዳ ከከሰዓቱ ዘንግ ጋር አጣምሬ ነበር። በመካከሉ ከተማው ተኝቶ ቢነሳም ፀሐይ አልተኛችም።

አባቴን አንድ ተጨማሪ ቀን እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለኝ፤ ግን ዘንጉን ራሱ አቀበለኝ።

የራስ ዲካው ቤት ዘበኛ ጋሽ አብዲ ድሬዳዋ ያደጉ ሶማሌ ነበሩ። «‹አሁን› ስል የግድግዳው ጥላ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጡልኝ» አልኳቸው።

«አቦ፣ ጥላ ይሰረቃል እንዴ?»

«ይሰረቃል» አልኩ። «ትናንት ተሰርቆብኛል።»

እየሳቁ ድንጋዩን ያዙ። «አሁን» አልኩ፣ እኔም በዘንጉ ጥላ ጫፍ ላይ ሌላ ድንጋይ አስቀመጥኩ። የዘንጉ ጥላ ግማሽ ሜትር፣ የግድግዳው ሦስት ሜትር ከሃያ። x ስድስት ሜትር ከአርባ ሆነ።

አባቴ መቀሱን አነሳ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለ። አዎ አልኩ። ቆረጠው፤ ስፌቱን አንድ የጎረቤት ሰፊ ጨረሰልን።

ሸራው በተሰቀለ ቀን አባቴን በታክሲ ወስደን ከግድግዳው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ሸራው ከጣሪያው ተለቀቀ፣ ተዘረጋ፣ ጫፉ መሬቱን ለመንካት ጥቂት ሲቀረው ቆመ። አባቴ ክራንቹን ዘርግቶ ጫፉን ነካ። «ደርሷል» አለ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ይህን ሁሉ ለሣራ ነገርኳት። ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «እንግዲያ አንቺ ከአባትሽ ትበልጪ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። ይህን ከዘመድም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ወድጄው ግን አላውቅም። አባቴ በልጅነቱ ከአገሩ ወጥቶ፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ በመርፌ አሳደገን። እኔን ያስተማረኝ ደግሞ በተሰበረ እግሩ ነው።

«ጥላዬ ረጅም የሆነው ከዐስር በኋላ ስለተለካሁ ነው፣ ልጄ» አልኳት። «አባቴ የቆመው ጥላ በሚያጥርበት በቀትር ነበር።»