የሳቢሪን ኤ የማን ነው?

ውጤት ተለቀቀ ሲባል ሮቤ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዳለ ስልኩ ላይ ተደፋ። ሳቢሪንም ዶርሟ በር ላይ ቆማ የዳታ ስትራክቸርን ውጤት ከፈተች። ኤ! ዘጋችው፤ መልሳ ከፈተችው። ያው ኤ ነው።

‹‹ያ ረቢ፣ የማንን ነው የሰጡኝ?›› አለች።

ሳቢሪን የጎሮ ልጅ ናት፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት። የጠበቀችው ሲ ነበር፤ እሱንም በዱዓ። የኮምፒውተር ላብ ፈተናው ቀን የሠራችው ነገር የሚወራ አይደለማ! ፕሮግራሙ ሰልፍ የሚያስተናግድ ነው፤ ሰው ይመዘገባል፣ ተራው የደረሰው ይወጣል። የእሷ ግን የፊተኛው ሰው ሲወጣ ሰልፉ ድራሹ ይጠፋል። ብታይ፣ ብታይ፣ ጥፋቱ አልታይ አላት። መምህሩ ‹‹አብቅቷል፣ ተነሱ!›› ሊል ሲል ታች የነበረችውን አንዷን መስመር አንስታ ላይ ለጠፈቻት። ሠራ! ለምን እንደሠራ ግን እሷና ኮምፒውተሩ አልተነጋገሩም።

ከክፍሉ ኤ ያገኙት እሷና ዳግማዊ ብቻ ናቸው። ዳግማዊን ‹‹ዳጊ አናታም!›› ብለው ትከሻውን መቱትና አለቀ። የሳቢሪን ኤ ግን ዶርም ለዶርም ዞረ።

የዶርም ጓደኛዋ አዜብ ወሬው ገና ሳይወለድ ስም የምታወጣለት ልጅ ናት። ‹‹አንቺ! መምህር ኢዶሳ ነው ኤ የሰጠሽ? ያ ፊቱ የማይፈታው?›› አለችና ሆዷን ነፍታ፣ ድምጿን አወፍራ፣ ‹‹‹እኔ ግሬድ አልሰጥም፣ እናንተ ናችሁ የምታመጡት› የሚለው?››

ካፌ በር ላይ ደግሞ የክፍላቸው ልጅ ረዲ ጠበቃት። ‹‹ያ ሳቢሪን! ከጎባ ስንመጣ ኢዶሳ ታክሲ ከፍሎልሽ የለ እንዴ? ገባን፣ ገባን!››

ከፍሎላታል፣ እውነት ነው። መምህር ሚኒባስ ውስጥ ተማሪ ካየ ለረዳቱ ‹‹የነሱንም ከኔ ያዝ›› ማለቱ ያለ ነው። ለራሱ ለረዲም ከፍሎለታል። ረዲ ግን ያገኘው ዲ ስለሆነ የእሱ ታክሲ አይወራም።

ሳቢሪን ነገሩ ዞረባት። ዶርም እንደገባች፣ ‹‹አዜብ፣ አንድ ቀን ላብ ውስጥ ‹ጎበዝ› ብሎኛል።››

‹‹እንዴት ነው ያለሽ? ‹ጎበዝ!› ነው?›› አለች አዜብ እንደ ወታደር። ‹‹ወይስ ‹ጎበ-ዝ...›?›› አለች ዓይኗን አስለምልማ።

‹‹እኔ ምን አውቃለሁ! ኮምፒውተሩን ነበር የማየው።››

ዝም ብትል ኤው ይቀርላታል፤ ስሟ ግን ከሰውዬው ጋር ተለጥፎ ይዞራል። ወሬው በገበያ ቀን ጎሮ ከደረሰ ደግሞ አባቷ ‹‹በቃ ልጄ፣ ትምህርቱ ይቅር፣ ሱቃችን ይበቃሻል›› ማለታቸው ነው። ሄዳ ብትጠይቅስ? ‹‹እንዴት ሠራሽው?›› ቢላት ምን ልትል ነው? ከዚያም በላይ፣ እውነት የእሷ ባይሆንስ? ይህን ማወቅ ፈለገች፣ ይህኑ ደግሞ ፈራች።

በነጋታው አዜብን እየጎተተች ቢሮው ሄደች። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፣ አዜብን ምስክር እንድትሆን ደፉ ላይ አቆመቻት።

መምህር ኢዶሳ ቀና ሳይል፣ ‹‹ግሬድ አልጨምርም! ውጪ!›› አለ።

‹‹አይ ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... ለምን እንደበዛ ልጠይቅ ነው።››

ቀና አለ። ‹‹ምኑ?››

‹‹ኤው።››

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ‹‹ኤ በዛብኝ ብለሽ ነው የመጣሽው? ደህና ነሽ?›› ኮምፒውተሩን ፈታትሾ የሳቢሪንን ሥራ አወጣና አስኬደው። ሰልፉ አንድ በአንድ ቀለለ። ‹‹ይሠራል። ይቺ መስመር እዚህ ለምን ገባች? አብዛኛው ክፍል ታች ነው የጻፋት።››

‹‹አላውቅም።››

‹‹አታውቂም? እንግዲያው ከሰው ገልብጠሻል ማለት ነው። ወይ አስረጂኝ፣ ወይ አወርደዋለሁ።››

አዜብ ደፉ ላይ ሆና ‹‹እናቴ ድረሽ!›› አለች።

ሳቢሪን ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። አፏ አማርኛ እምቢ አላት፣ ኦሮምኛ ጀመረች፣ ተመልሳ አማርኛ ገባች፣ ጣቷ ግን እየቀደማት ነበር። ‹‹ኤጋ... ሰዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። እኔ የያዝኩት የፊተኛውን ብቻ ነው። እሱን ከለቀቅኩት... ሁለተኛውን ማን ይነግረኛል? እሱ ሄዷል! ወላሂ፣ ቲቸር፣ መጀመሪያ የሁለተኛውን እጅ መያዝ፣ ከዚያ ነው የፊተኛውን መልቀቅ! ታች ስትሆን ከለቀቅኩት በኋላ ነው የምፈልገው፣ ለዚህ ነው የሚጠፋው!››

‹‹ሌላ ምን ጠየቅኩ በፈተናው?›› አለ መምህር ኢዶሳ ቱግ ብሎ። ‹‹እሷን መስመር ነው የጠየቅኩት! አሁን ሂጂልኝ፣ ጨምርልኝ የሚሉት ተራ እየጠበቁ ነው።››

ወጡ። አዜብ አፍታም አልቆየች፤ ‹‹ሰምቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ረዲን አፉን ነው የማስይዘው!›› እያለች ወደ ካፌው ልትበር ስትል ሳቢሪን ሻርፗን ይዛ አስቆመቻት።

‹‹ቆይ እንጂ። የፈተናው ቀን አውቄው ነበር ወይስ አሁን እዚያው ነው ያወቅኩት?››

‹‹ምን ልዩነት አለው?››

‹‹የፈተናው ቀን ካላወቅኩት ኤው የኔ ነው እንዴ?››

አዜብ ትንሽ አሰበች፤ ማሰብ ደግሞ ወሬ ያቀዘቅዛል። ‹‹እኔ እንጃ! እንደገና ገብተሽ እሱን ትጠይቂዋለሽ?››

ሳቢሪን በሩን ዞራ አየችው። አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች፤ ደግሞ ቆመች።