ዳማው የመራው መንገድ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት እንደ ጀመርን የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ሚኒባሳችን ውስጥ ገባ። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣል፤ እኛም መቅደም አቅቶን ከኋላው እንንፏቀቃለን። ሰዉ ሁሉ አፍንጫውን በነጠላና በሻርፕ ያዘ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሽታው ራሷን ሊያዞራት መሆኑን ተናግራ መስኮቱን ዘጋችው። እኔ መልሼ ከፈትኩት። በዓይኗ በላችኝ። ምን ልበላት? ይህ ሽታ አባቴን ያመጣልኛል ብላት ከአጠገቤ ተነስታ በሄደች።

አባቴ መኪና ነድቶ አያውቅም፤ መኪና የተሳፈረበት ቀን እንኳ በጣት የሚቆጠር ነው። ፈረሰኛ ነበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» እያልኩት ነው ያደግኩት፤ በልቤ ግን ሁልጊዜ «አንተ» ነበር፤ ለምታዳምጪኝ ለአንቺም እንደ ልቤ ነው የማወራሽ።

መንደራችን ከዘንገና ሐይቅ ጀርባ፣ ከሸንተረሩ ማዶ ነው። ከአስፋልቱ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ያኔ የግድቡ ሥራ ከተጀመረ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እንጅባራ ላይ፣ እኛ ኮሶበር በምንላት ከተማ፣ ብረትና ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪኖች ወደ ቻግኒ ሲታጠፉ የክፍላችን መስኮት ይርገበገብ ነበር። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አገሩ ሁሉ በጎማ ይሄዳል፤ የእኛ ድንች ግን በፈረስ ጀርባ ነው የሚወጣው። አስፋልቱ ዳር ተከምሮ የሚቀጥለውን ጭነት ሲጠብቅ ፀሐይ ያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ ዝናብ ያገኘው ይበሰብሳል። ነጋዴው ሲመጣ ክምሩን በጫማው ጫፍ ገፋ ያደርግና «ይሄ ለከብት ነው» ይላል። አባቴ ይህን የሰማ ቀን ምግብ አልቀመሰም።

አንዳንዱ ደግሞ ታገሱ፣ ባቡር በጎጃም ሊያልፍ ነው ይል ነበር። ባቡሩ እስካሁን ወሬው ላይ እንደ ተሳፈረ ነው። አባቴ ግን ወሬ ጠብቆ የሚኖር ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት ጥር የመንደሩን ሰው ሰበሰበና ጥርጊያ መንገድ እናውጣ አለ፤ አይሱዙ ደጃችን ድረስ ካልገባ የመስኖው ድንች ዘንድሮም ለከብት ነው አላቸው።

መንገዱን ማን ይቀይስ ሲባል ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። መሐንዲስ አልነበረንም፤ ፈረስ ግን ሞልቶናል። አባቴ ዳማውን፣ ያንን ለበዓል ብቻ የሚጋልበውን ቡናማ ፈረሱን፣ አስፋልቱ ዳር ወስዶ ልጓሙን አወለቀና ለቀቀው። ፈረሱ ወደ ቤቱ አቀና። ሰዉ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ፣ ኮቴው ባረፈበት ሁሉ ችካል ተከለ። አያቶቻችን አዲስ መንገድ ሲያወጡ የሚያደርጉት እንደዚህ ነበር፤ ፈረስ ገደል አይገባም፣ ፈረስ አይሳሳትም። ከዚያ በኋላ ያለው ወንፈል ነው። ዛሬ የእነ እገሌ ተራ፣ ነገ የእነ እገሌ፤ ወንዱ ይቆፍራል፣ ሴቱ አፈሩን በኬሻ ይጎትታል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ መዳፌ ውኃ እስኪቋጥር ቆፍሬያለሁ። ያ የተገለበጠ ሣርና የእርጥብ አፈር ሽታ እንዴት ደስ ይል እንደነበር!

ደስ ማለቱ ነው ጉዱ። መንገዳችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለምለም ሣርና ለስላሳ አፈር ነበር። ከሱ ከፍ ብሎ ጥቁር ድንጋይ ያፈጠጠበት ጠርዝ አለ፤ ዳማው ያንን ሸሽቶ ነው የወረደው። እኔ ደግሞ ኮሶበር ላይ መንገድ ሠሪዎች አፈር ከማልበሳቸው በፊት ስንት ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲያነጥፉ አይቻለሁ። ለአባቴ ነገርኩት። ዳማው ከአስተማሪዎችሽ በላይ መንገድ ያውቃል አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እንዲያውም ኮራሁ፤ የማን አባት ነው ፈረሱ መንገድ የሚቀይስለት?

ግንቦት ሲገባ ድንቹ ተቆፈረ፤ መንገዱም አለቀ። አሁን መኪና መጥራት ነው። የከተማውን አማርኛ የምትችል አንቺ ነሽ ተባልኩና እኔ ተላክሁ። ኮሶበር ላይ ድንች ወደ ባሕር ዳር የሚያመላልስ አንድ ሹፌር ነበር፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ረጋ ያለ ሰው። ሻይ ቤት ደጃፍ አገኘሁትና መንገዳችንን አሞገስኩለት፤ ዳገቱ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። በመጨረሻ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድንጋይ ተነጥፎበታል?

«እንደ አስፋልት ነው» አልኩት።

ምላሴን ይቁረጠው! እስከ ዛሬ ድረስ ስንት ነገር ተሳስቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል ግን የከነከነኝ የለም። ልጅነት ነው እንዳልል አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ያንን መኪና ደጃችን ለማየት የጓጓሁት ጉጉት ነው ያናገረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙው ገባ። ባዶውን ስለሆነ መንገዱ ቻለው። ያንን እልልታ ብትሰሚ! አሮጊቶች ጎማውን በእጃቸው ዳሰሱት። አባቴ አዲሱን ጋቢውን ለብሶ ከፊት ከፊት እየሄደ ሹፌሩን በእጁ ይመራው ነበር፤ እንደ ሙሽራ አባት ያደርገው ነበር። ድንቹ ተጫነ፤ ከጎን እስከ ጎን፣ ሸራው እስኪወጠር ድረስ። ሹፌሩም ምሳውን በልቶ፣ ተመርቆ ተነሳ።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የአይሱዙዋ የኋላ ጎማ ሰመጠ።

ዋዜማውን አንድ ካፊያ ጥሎ ነበር፤ ለዚያ አፈር በቂው ነው። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ጎማው ጭቃውን ወደ ላይ እየረጨ ቦታው ላይ ይሽከረከራል። ያን ጊዜ ነው ያ የሚሰነፍጥ ሽታ የመጣው። እኛ ምን እንደሆነ አናውቅም፤ አንዷ እንዲያውም የማን ፀጉር ነው የተቃጠለው ብላ ጠየቀች። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ተንበርክኮ ከጎማው ሥር በጣቱ ቆፈረ። አፈር፤ አሁንም አፈር። ቀና ብሎ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን ፈለገኝ።

«ድንጋዩ የታለ?» አለ።

መሬት ብትዋጠኝ በወደድኩ። አልተነጠፈም፣ ዋሽቼህ ነው አልኩት፤ ሁሉም ሰማ፣ አባቴም ሰማ። ሹፌሩ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወደ ጥርባ በኩል ያለውን ሰማይ አየ፤ ደመናው እየጠቆረ ነው። ዝናቡ ከቀደመን መኪናዋ ክረምቱን እዚህ ትከርማለች፣ ጭነቱን አውርዱና ባዶዋን ላውጣት አለ። እውነቱን ነው። ሰዎቹም ገመዱን መፍታት ጀመሩ።

አባቴ ገመዱን ከእጃቸው ተቀበለ። ባዶዋን ከወጣች አትመለስም አለ። ነገ ኮሶበር ላይ ያለ ሹፌር ሁሉ እዚያ መንደር ጭነህ አትወጣም ይላል፤ ከዚያ ወዲያ በእኛ ዕድሜ መኪና አናይም፣ ልጆቻችንም ድንቹን በፈረስ እንዳመላለሱ ያረጃሉ። ጭና ነው የምትወጣው አለ። እንዴት ተብሎ ሲጠየቅ መንገዱን አየ፤ ችካሉን፣ ሣሩን፣ ያን ሁሉ ወንፈል። አንዲት አፏ የማያርፍ ጎረቤታችን «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» አለች፤ ማንም አልሳቀላት።

ያን ጊዜ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ከዋሸሁ በኋላ የቀረኝ እውነቱ ብቻ ስለነበር ይሆናል።

«አባባ» አልኩ፣ «ዳማው እኮ አልተሳሳተም። ኮቴው ነው፤ ፈረስ ድንጋይ ይጠላል። መኪና ግን ድንጋይ ነው የሚፈልግ። ለእርስዎና ለዳማው የሚሆነውን መንገድ ነው የሠራን።»

ሽማግሌ ባለበት እንዲያ አይነገርም። አባቴ ቀና ብሎ ያንን ጥቁር ጠርዝ አየው። ከዚያ አዲሱን ጋቢ አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ወደ ጠርዙ ወጣ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሱ ተሸክሞ አምጥቶ ከጎማው ፊት ወሸቀው። ከዚያ በኋላ የቆመ ሰው አልነበረም። ጋቢውን በወገቤ ታጥቄ እኔም ተሸከምኩ። ወንዶቹ በዶማ ይፈነቅላሉ፣ እኛ በኬሻ እንጎትታለን፤ ሹፌሩ ራሱ ሸሚዙን አውልቆ የትኛው ድንጋይ የት እንደሚገባ ያሳየናል። ከጎማዋ እስከ ዳገቱ ራስ ያለውን ሁለት መስመር አድርገን አነጠፍነው።

አሁንም ግን አልተነሳችም። ፍሪሲዮኑ ተጎድቷል፤ ለመነሻ ብቻ ከፊት የሚስባት ያስፈልጋታል። ሰው ሞከረ፣ ድንጋዩ ላይ እያዳለጠው ወደቀ። ፈረስ ነው የሚስባት አለ አባቴ። ፈረሰኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይህን ልንገርሽ፦ እኛ ዘንድ የኮርቻ ፈረስ ሌላ ነው፣ የጭነት ፈረስ ሌላ ነው። የኮርቻ ፈረስ ይዘፈንለታል፣ ይሸለማል፤ ዳንግላ ላይ እንደሚታየው ጋሪ ላይ ማሰር ግን ባለቤቱን እንደ መስደብ ነው። አባቴ ራሱ ዳንግላ ገበያ በሄድን ቁጥር የጋሪ ፈረስ ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር። የጭነት ፈረሶቻችን ደግሞ ደቃቆች ናቸው፤ ያንን አይችሉትም። ማንም ፈረሱን አላመጣም።

አባቴ ወደ ቤት ሄደ። ዳማውን ያለ ኮርቻ እየመራ መጣ። ማንንም ሳያይ ደረቱ ላይ ኬሻ አጥፎ አደረገለትና የመኪናዋን መጎተቻ ጠፍር አሰረበት። በአገውኛ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አለው። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ ሰምቼዋለሁ፤ ይቅር በለኝ ነው ያለው። ይህን ያዩ ፈረሰኞች አንድ በአንድ እየወጡ ሄዱ፤ ሲመለሱ ሰባት ፈረስ ተጨመረ።

ትግሉ እንዴት ያለ ነበር! ስምንቱ ፈረስ አብሮ ስቦ አያውቅም፤ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይቆማል። አባቴ በአገውኛ ድምፁን አስረዝሞ ሲጮህ ነው የገጠሙት። ሹፌሩ ሞተሩን አጓራ፣ ሰዉ ከኋላ ትከሻውን ሰጠ፣ እኔ ደግሞ መኪናዋ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ጎማውን እየተከተልኩ ድንጋይ እወሽቃለሁ። አንድ ክንድ ሄደች። ሁለት። ጎማዋ ጥቁሩን ድንጋይ ሲይዝ የተሰማኝን አሁንም እግሬ ያስታውሰዋል። ከዚያ ወዲያ አልቆመችም። ዝናቡ የጣለው ዳገቱን ጨርሳ አስፋልቱ ላይ ከቆመች በኋላ ነው፤ ከነድንቿ።

ሹፌሩ የአባቴን ጭቃ የነካ እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «አባቴ፣ መንገዱን ወደ ድንጋዩ ያውጡት፤ እመለሳለሁ» አለው። እኔን አንዴ ብቻ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ሲያንሰኝ ነው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ በዳማው ዱካ የተተከሉትን ችካሎች አንድ በአንድ ራሱ ነቀለ። ወንፈሉ እንደገና ተጀመረ፤ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ብርድ፣ ጠርዝ ጠርዙን። ሹፌሩም ቃሉን ጠበቀ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሌሎችም አይሱዙዎች ይመላለሱ ጀመር። ደጅ ላይ የሚጫን ድንች አረንጓዴ መሆን ተወ፤ እኔንም ያስተማረኝ የድንቹ ገንዘብ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ሆነ፤ መንገዱ ለፈረሶቹ ዕረፍት ይሆናል ብለን ነበር፣ ሥራ ያጣ ፈረስ ግን ገብሱን በከንቱ ይበላል። ደህና ደህናዎቹ ለዳንግላ ባለጋሪዎች ተሸጡ። አባቴ ዳማውን አልሸጠም። ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ አባቴ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው።

ከዚያ ክረምት ቀጥሎ በመጣው ጥር ግን ሁለቱም ነበሩ። የአገው ፈረሰኞች ለበዓላቸው የሚሰለፉበት ወር ነው። ጠፍሩ የዳማውን ደረት ልጦት ነበር፤ ቁስሉ ሲድን እዚያ ላይ የበቀለው ጠጉር ነጭ ሆነ፤ የጋሪ ፈረስ ምልክት ማለት ነው፣ ከሩቅ ይታያል። እኔ ክረምቱን ሙሉ ቀይ ክር ጎንጉኜ፣ ያንን የሚሸፍን ሰፊ የደረት ጌጥ ሠርቼለት ነበር። የበዓሉ ጠዋት ፈረሱን ሲያስጌጥ ሄጄ ሰጠሁት። ገለጥ አድርጎ አየው፣ ሥራውን አመሰገነ፣ ከዚያ አጥፎ መለሰልኝ።

«ተይው ልጄ» አለ። «የተሳሳትኩት እኔ፣ የቆሰለው እሱ። ይታይ።»

የተሳሳትኩትስ እኔም አይደለሁ እንዴ አልኩት። ከዚያ ፈረሱ ላይ ወጣ፤ ልጓሙን ግን እሱ አልያዘውም፣ ወደ እኔ ዘረጋው። በዚያ የበዓል ሜዳ ሴት ልጅ ፈረስ እየመራች ስትገባ ታይቶ አያውቅም። ተቀበልኩትና ከፊት ከፊታቸው ሄድኩ።