ስልሳ የተወለወሉ ቀለሆች

ማንም ያስተማረኝ የለም። አራተኛ ክፍል ላይ ካቆምኩ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ፈትቼ በመግጠም ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የልብስ ስፌት መኪና፣ የግድግዳ ሰዓትና የውሃ ፓምፕ ጠግኛለሁ። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ሮም ስገባ ጣልያንኛ አልችልም ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን ለአገሬ ሰዎች የፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ቅጽ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ጉራ የሚመስለው ካለ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ሄዶ ይጠይቅ።

አሁን የማወራው ግን ስለተሳሳትኩበት ጊዜ ነው። በሕይወቴ ብዙ አልተሳሳትኩም፤ ስለዚህ ይህኛውን በደንብ አስታውሰዋለሁ።

ከሮም ወጣ ብሎ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ እንከባከብ ነበር፤ ሲኞሬ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸው ሰማንያ አራት ነው፤ ሚስታቸው ሞታለች፤ የመኪና ቁልፋቸውን ሴት ልጃቸው ወስዳባቸዋለች። የቀራቸው ደስታ ከአባታቸው የወረሱት ጠመንጃ ነበር። በወጉ የተመዘገበ፣ ብረት ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍ ጠመንጃ ነው። በወር አንድ እሁድ ወደ ተኩስ ሜዳው ይዣቸው እሄዳለሁ።

ለዚያ ጠመንጃ የሚሆን ጥይት መሠራት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስበን አጽድተን እንደገና እንሞላዋለን። ባሩዱ የእሳቸው ነው። ፈቃዱ ያላቸው እሳቸው ናቸውና ካንቲናው፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ባሩድ ሲወጣ እኔ እጄን አጣጥፌ አያለሁ። ሌላ ጊዜ የሚንቀጠቀጠው እጃቸው የባሩዱ ሚዛን ፊት ሲቀመጡ ይረጋል። ማጽዳቱ ግን የኔ ሥራ ነበር።

ቀለሁ የሚጸዳው በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ትንሽ በርሜል ውስጥ፣ ከተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር ነው። ለእሳቸው ይበቃቸው ነበር፤ ለእኔ ዓይን ግን ደብዛዛ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ንግሥ ሲደርስ ጸናጽሉንና ጽናውን የምወለውለው እኔ ነኝ፤ እኔ የወለወልኩት ናስ ፊት ያሳያል። እናም አንድ ቀን ለዚያ የምጠቀምባቸውን ሁለት የናስ መወልወያዎች፣ አንዱ በጠርሙስ ሌላው እንደ ጥርስ ሳሙና በቱቦ ያለ፣ አምጥቼ በየተራ በርሜሉ ውስጥ ጨመርኩ። አንድ ማንኪያ ሳይሆን ሦስት። ቀለሆቹ እንደ ወርቅ ሆነው ወጡ።

«ፕሮፌሶሬ፣» አሉኝ አንዱን ወደ መስኮቱ አንሥተው፤ ሁልጊዜ እንዲህ እያሉ ነበር የሚያሾፉብኝ፤ «ይሄን ልንተኩሰው ነው ወይስ ጣታችን ላይ ልናጠልቀው?»

ምን እንደጨመርኩ አልነገርኳቸውም። ስልሳውን ቀለህ በሦስት ቆርቆሮ ሳጥን ሃያ ሃያ አድርጌ ከተትኩ፤ ክዳኖቹ ላይ ፩፣ ፪፣ ፫ ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም እንደልማዴ ምን እንደሠራሁና በምን እንደሠራሁ በአማርኛ አሰፈርኩ። እሳቸው ጽሑፌን ጉንዳን ይሉታል። ከዚያ ዳሌያቸው ተሰበረና ሳጥኖቹ ሁለት ዓመት ካንቲናው ውስጥ ተቀመጡ።

ቆመው መሄድ ሲጀምሩ ተኩስ ሜዳው የሽማግሌዎች ውድድር አዘጋጀ። ልጃቸው ከሮም መጣች። ጠመንጃው ለካራቢኒየሪ ፖሊሶች ይሰጥ የምትል ናት፤ ክፋት የለባትም፣ ትፈራለች። ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ተስማሙ፤ ውድድሩ ሠላሳ ጥይት ነው፤ ከሠላሳው አንዲት እንኳ ብትከሽፍ ጠመንጃው ሰኞ ጠዋት ከቤት ይወጣል። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ እስከዚያው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አባትና ልጅ እንደ ነጋዴ እጅ ተጨባበጡ።

በማግስቱ ሳጥኖቹን ከፈትን። ሲያበሩ ደስ ይላል። ሲኞሬ ግን ትንሿን ባትሪያቸውን አውጥተው በአንዱ ቀለህ አፍ ወደ ውስጥ አበሩ። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። ከታች ግራጫ ዝቃጭ እንደ ጭቃ ምርጊት ደርቆ ተጋግሯል። እሳቱ ወደ ባሩዱ የሚያልፍባት ቀዳዳም በቆረቆንዳ ፍርፋሪ ተደፍናለች። በዚህ ላይ ባሩድ ቢሞላ እሳቱ ላይደርሰው ይችላል፤ ቢደርሰውም ቦታው ጠብቦበት ከልኩ በላይ ይገፋል።

በርሜሉ ውስጥ ምን እንደጨመርኩ ጠየቁኝ። ቆረቆንዳ ብቻ አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። እሳቸውም አመኑኝ፤ ቆረቆንዳውን የሸጠላቸውን ሰው መርገም ጀመሩ። እኔ ደረጃውን ደግፌ አወጣኋቸውና ለምሳ ፓስታ ጣድኩ።

ወንበራቸው ላይ ሆነው ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ያወሩ ነበር። ዝቃጩ ሰም ከሆነ ይታጠባል አሉ። አሞኒያ ካለበት ግን ናሱን ከውስጥ ያደርቀዋል፤ ሲተኮስም ጉንጭ አጠገብ ይሰነጠቃል።

ምድጃውን አጠፋሁ። ከገበያ ከገዛኋቸው ሁለት መወልወያዎች አንደኛው ጠርሙስ ሲከፈት ዓይን ያስለቅሳል፤ ዲያቆኑን አስነጥሶት አባ ከቤተ ክርስቲያን አስወጥተውብኛል። ያ አሞኒያ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የሳቸውን ጉንጭ አየሁት። ጠዋት የላጨሁት እኔ ነኝ።

«ሲኞሬ፣ ዝቃጩን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ጠየቁኝ። ጸናጽል የምወለውለው እንደዚያ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጸናጽል ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ባዶ እጄን እንደ ካህናቱ ወዝወዝ አድርጌ አሳየኋቸው።

«ውስጡንስ እንዴት ታጸዳዋለህ?»

«ጸናጽል ውስጥ የለውም።»

«የቀለህ ሥራ በሙሉ ውስጡ ነው፣ ፕሮፌሶሬ» አሉ። ሦስቱንም ሳጥን እንድጥል አዘዙኝ።

አልጣልኩም። እኔ ያበላሸሁትን እኔው አስተካክለዋለሁ ብዬ ወደ ካንቲናው ወረድኩና ክዳኖቹን ይዤ ወጣሁ። ፩ ላይ «በሚሸተው ጠርሙስ» ይላል። ፪ እና ፫ ላይ «ሽታ በሌለው ቱቦ» ይላል። ጉንዳን ሲሉ የነበሩት ሰው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ጠርሙሱንና ቱቦውን አምጥቼ የተጻፈባቸውን በማጉያ መነጽር አነበብን፤ ጠርሙሱ አሞኒያ አለበት፣ ቱቦው የለበትም። ይህም አልበቃኝም። ከ፩ አንድ ቀለህ በሞርሳ ጥርስ መሃል አስሬ አጠበቅሁት፤ አፉ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። የ፪ ግን ተጨፈለቀ እንጂ አልተሰነጠቀም። የ፩ን ሃያ ቀለህ ማንም እንዳይፈተንበት በመዶሻ ጠፍጥፌ ጣልኩት።

ሠላሳ ዘጠኝ ቀሩ። ሙቅ ውሃና ሳሙና ዝቃጩን አልነቀነቀውም። ናስ በሎሚ እንደሚታጠብ ያገሬ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሎሚ ጨመርኩበት፤ ለሰለሰ። ግን በዚያ ጠባብ አፍ ምን ይገባል? የሽቦ ብሩሽ ናሱን ይቧጭራል። ኪሴ ውስጥ መፋቂያዬ ነበረች። ጫፏን አኝኬ ለስላሳ ብሩሽ አደረግኋትና ወደ ቀለሁ አስገባኋት፤ ልክ ለሱ የተሠራች ይመስል እስከ ታች ደረሰች። ይህን ዘዴ የትም አላነበብኩትም፤ የራሴ ነው። በአራት ቀን አሥራ አንድ መፋቂያ ጨረስኩ። ቀዳዳውን በመርፌ ከፈትኩ፣ ደጋግሜ አለቀለቅሁ፣ በረንዳው ላይ አሮጌ ነጠላ አንጥፌ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ሲኞሬ እያንዳንዱን በባትሪ እያዩ ስድስቱን ጣሉብኝ። ስለ አንዷ ተከራከርኩ፤ እሳቸው ረቱ። ሠላሳ ሦስት ቀሩ። እሳቸው ሞሉ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ አየሁ።

በውድድሩ ቀን ልጃቸው ከኋላ ተቀምጣ በጣቷ ትቆጥራለች። እኔም በልቤ እቆጥራለሁ። አሥራ ስምንተኛው ላይ አነጣጥረው ቆዩ፤ ድምፅ የለም፤ ጠመንጃውን ዝቅ አደረጉት። ልጃቸው ከወንበሯ ብድግ አለች። ክንዳቸው ደክሞ ነው ለካ። ትንፋሽ ወስደው እንደገና አነሡና ተኮሱ። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ እስከ ሠላሳ። አንዲትም አልከሸፈች።

ከአሥራ አንድ ተኳሾች ዘጠነኛ ወጡ። ልጃቸው ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ የአባቷ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ለእኔ «ቫ ቤኔ»፣ እሺ ይሁን፣ ብቻ አለችኝ፤ በቂ ነው።

ሲኞሬ ቀለሆቹን በባርኔጣቸው ሰብስበው ሰጡኝ፤ በመወልወያ እንዳላበራቸውም አስጠነቀቁኝ። ቤት ስንደርስ አዲስ ሳጥን ላይ ፬ ብዬ ስጽፍ ከጎኔ ቆመው አዩኝ።

«ጉንዳኖችህ ምን ይላሉ?»

«በሎሚና በመፋቂያ ታጠበ። ሠላሳ ተተኮሰ፣ አንድም አልከሸፈ።»

«ማን እንዳጠበውስ ለምን አልጻፍክም?»

ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ አገር የለም አልኳቸው።