ላስቲኩን ያላወጣሁባቸው ጆንያዎች

እርጥብ ባህር ዛፍ ታፍኖ ሰንብቶ ሲከፈት ሽታው ይኮመጥጣል፤ አፍንጫ ውስጥም ይቆያል። ባለፈው ወር ለሥራ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ መንገድ ዳር ከቆመ አይሱዙ ላይ ያው ሽታ መጣብኝ። የጀመርኩትን ቃለ መጠይቅ ጨረስኩና መኪናው አጠገብ ጥቂት ቆምኩ።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ እንጨት ትሸጥ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች በሸክም ሲሸጡ እሷ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ የሚያስመጡባቸውን፣ አራት እጀታ ያላቸውንና ውስጣቸው ላስቲክ የገባባቸውን ትልልቅ ነጭ ጆንያዎች ከኮምቦልቻ እየገዛች፣ ፍልጡን አድርቃ እየሞላችባቸው በጅምላ ታስረክባለች። ጆንያው ሰውን ከነቁመቱ ይውጣል።

«ይሄ የእንጨት ነው የሙሽራ ቀሚስ?» ይሏታል ጎረቤት ሻጮች።

«የሙሽራ ነው። አንቺን የሚያገባ ሲገኝ አውስሻለሁ» ትላለች።

በዚያ ዓመት ዳቦ ቤት ያላቸው አንድ ሽማግሌ የክረምቱን እንጨት በሙሉ ከእሷ ሊወስዱ ተስማሙ። ቃላቸው አጭር ነበር። «ምድጃዬ ላይ ጭስ ካየሁ፣ ወላሂ፣ ሁሉንም መልሼ ነው የምልክልሽ።» እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። እንጨቱ ከተመለሰ መስከረም ላይ ትምህርቴን ትቼ ፋብሪካ እንደምገባ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከኩታበር የመጣው ባህር ዛፍ ግንቦትን ግቢያችን ውስጥ ተሰጥቶ ሰነበተ። ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቴ ለለቅሶ ኩታበር ሄደች። ስትወጣ፣ «በደንብ ሳይደርቅ እንዳትሞይው። ስትሞይም የውስጡን ላስቲክ አውጪ፤ እንጨት የሚተነፍሰው በጆንያው በኩል ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፈነው፤ ካፊያ ጀመረ። ፈራሁ። እንጨቱን እየሮጥኩ ሞላሁት። ዝናብ እንዳያስገባ ብዬም ላስቲኩን ተውኩት፤ አፉን በገመድ ጠፍሬ አሰርኩ። ጨርሼ ሳየው በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

እናቴ በአምስተኛው ቀን መጣች። የመጀመሪያውን ጆንያ ስትፈታ ትኩስ አየር ፊቷን መታት። ላስቲኩ ላይ ውኃ እንደ ላብ ይንቆረቆራል፤ ፍልጡ ግራጫ ሻጋታ ለብሷል። ሁለት ፍልጥ አንሥታ አጋጨች። ደረቅ እንጨት ሲጋጭ ይጮኻል፤ ይኼ ታፍኖ ነው የተሰማው። አልመታችኝም።

«ገልብጪው» አለች።

«ደሴ ፀሐይ የለም እኮ፣ እማ።»

«ኮምቦልቻስ?»

በማግስቱ ባዶውን ወደ ታች በሚወርድ አይሱዙ ላይ እንጨቱን ጫንን። ሻጮቹ ሥራቸውን ትተው ተሰበሰቡ። «እንጨት ሽርሽር ይወርዳል እንዴ? ኧረ ሴትዮዋ ለየላት!»

እናቴ ከጭነቱ ላይ ሆና፣ «ከናንተ ወሬ ሊያርፍ ነው!» አለቻቸው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ የእናቴ አብሮ አደግ የተከራየችው ቤት ሰፊ ግቢ ነበረው። እንጨቱን ድንጋይ ላይ አሰጣነው። ሻጋታውን በአሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ እየፈተግን፣ በቀን ሦስት ጊዜ እያገላበጥን ሰባት ቀን ቆየን። ፀሐዩ ጀርባ ይጠብሳል፤ የባህር ዛፉ ሽታ ግን ቀን በቀን እየጣፈጠ መጣ። ከፈረቃ የሚወጡ ሠራተኞች በአጥሩ ያሾፋሉ።

«እናት፣ እንጨቱ ደሴ በርዶት ነው?»

«አዎ። አንተም ከበረደህ ግባ፣ አሰጣሃለሁ።»

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አየችኝና፣ «አብሽሪ» አለች፤ «እንጨት ነው፤ ሰው አልሞተ።»

ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጆንያዎቹን ስናወርድ የገበያው ሰው ለማየት መጣ። ሽማግሌው አንድ ፍልጥ አንሥተው አሸተቱ፤ ሻጋታው የተወውን ጠቃጠቆ በጥፍራቸው ፈገፈጉ።

«ይኼን ማነው ያፈነው?»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እናቴ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ፣ ሀጂ። ላስቲኩን ሳላወጣ ሞላሁት።»

«ይህን ያህል ዓመት እንጨት ሸጠሽ?»

ሰው ሳቀ። የእናቴ አንገት ግን አልተሰበረም። «ይህን ያህል ዓመት ሸጬ። አሁን ይማግዱትና ይዩ። ጭስ ካዩ ሁሉንም ራሴ ተሸክሜ እመልሰዋለሁ።»

ማገዱት። እንጨቱ ተንጣጥቶ ተቀጣጠለ፤ ምድጃው ጠርቶ ነደደ። ሽማግሌው ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አስገቡ። መስከረም ላይ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባሁ።

ሰኞ ገበያ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «እመት ላስቲክ» አላት። እንጨት ታውቃለች ተብሎ ምክር ትጠየቅ የነበረች ሴት፣ በዚያ ስም ስትጠራ እኔ አጠገቧ ቆሜ እሰማ ነበር። አንድ ቀን «ልንገራቸው» አልኳት።

«ዝም በይ። የእኔ ስም ይችለዋል፤ ያንቺ ገና ነው።»

ዝም አልኩ። ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ጋዜጠኛ ሆንኩ። የሰው ስም በአንድ ፊደል ብሳሳት በማግስቱ ማረሚያ አወጣለሁ። ይኼኛውን ግን አላረምኩም።

እናቴ አምና አረፈች። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከድሮዎቹ ሻጮች አንዷ፣ አሁን አሮጊት ናቸው፣ «እመት ላስቲክ፣ አላህ ይዘንላት» ብለው አለቀሱ። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«ላስቲኩን የተውኩት እኔ ነኝ» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «እሷ አውጪ ብላኛለች። እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ረጋ ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ልጄ» አሉኝ፣ «በሕይወት ሳለች አትዪውም ነበር?»